ጥቁር መኪና ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት የሚታየው ጭረት ሳይቀባ ይለቃል ወይ?

ጥቁሯ ያሪስ (ቱሉ ዲምቱ)
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:40

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ መኪናዬ ጥቁር ያሪስ ናት። ጥላ ውስጥ ስትቆም ምንም አትልም። ፀሐይ ሲያገኛት ግን ኮፈኗና ጣሪያዋ ላይ ነጸብራቁን ዙሪያውን የከበበ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጫጭን ጭረት ይወጣል። ማታ ማደያ ገብቼ መብራት ስር ስትቆምማ ይብሳል። ከዚህ ሌላ የግራ የኋላ በር ላይ ከቦርሳ ዚፕ የመጣ የሚመስል አንድ ረዘም ያለ መስመር አለ።

አንድ ጋራዥ "ሙሉ ቀለም ነው የሚያስፈልጋት" አሉኝ። ሌላው ጋ "ፖሊሽ ይመታና ያልቃል" ተባልኩ። ማስቀባት አልፈልግም። የፋብሪካ ቀለሟን እንደያዘች ነው የገዛኋት፤ ልሽጣት ብል እንኳ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። በዚያ ላይ የቤንዚን መኪና ማስገባት ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ በእጅ ያለውን ጠብቆ መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ።

በእጄ ልሠራው የምችለው ነገር ነው? ወይስ ማሽን ግድ ይላል? ደግሞ የሕንፃችን ጥበቃ አባባ ማለዳ ማለዳ በደረቅ ጨርቅ ይወለውሉልኛል። ከእሱ ይሆን እንዴ? በቅንነት የሚያደርጉት ነገር ስለሆነ ላስቀይማቸው አልፈልግም።

---

የቃሊቲው ሹፌር
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10:15

እህቴ ብዙ አትጨነቂ። ባልዲ ውሃ ውስጥ ትንሽ ናፍጣ ጠብ አድርገሽ በጨርቅ ወልውያት፤ ቦግ ትላለች። እኛ አይሱዙውን ዕድሜ ልክ የምናሳምረው በዚህ ነው። ጭረቱም አይታይም።

---

ላቫጆ ሰፈር (ለገጣፎ)
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11:02

ወንድሜ የቃሊቲው ሹፌር፣ ናፍጣው የሚያበራው ጭረቱ ውስጥ ዘይት ሆኖ ስለሚቀመጥ ነው። ጭረቱ ያው እዚያው አለ። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይደርቃል፤ እስኪደርቅ ድረስ ደግሞ አቧራ ሁሉ እየሳበ ይለጥፋል። በማግስቱ ያንን አቧራ ሲወለውሉት አዲስ ጭረት ይጨምራል። በር ላይ ያሉ ጎማዎችንም ናፍጣ ያላላቸዋል። ለጥቁር ያሪስ ይህን አልመክርም።

እህቴ፣ አንድ ነገር አድርገሽ መልሱን ጻፊልን። መኪናዋን አጥበሽ በሩ ላይ ባለው ረጅም መስመር ላይ ጥፍርሽን አግድም፣ ቀስ አድርገሽ አሳልፊው። ጥፍርሽን ይዞ ያስቆመዋል ወይስ ዝም ብሎ ያልፋል?

---

ጥቁሯ ያሪስ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12:30

ኮፈኑ ላይ ምንም አይሰማኝም። የበሩ ግን መሀሉ ላይ ትንሽ ይይዛል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ አይይዝም።

---

ቀቢው ከገላን
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:10

ልጄ፣ ሙሉ ቀለም ያሉሽን አትስሚያቸው። ቀለም የምቀባ ሰው ነኝ፤ እንጀራዬ እሱ ነው፤ እንዲህ ያለችውን መኪና ግን አምጪና ልቀባልሽ አልልም። የፋብሪካን ቀለም የሚተካ የለም። ፋብሪካ ላይ ቀለሙ ምድጃ ገብቶ ከመቶ ዲግሪ በላይ ነው የሚጋገረው። እኛ እዚህ መስኮት ዘግተን፣ መሬት ውሃ ረጭተን አቧራውን ለማስተኛት ብንሞክርም ያንን አናገኘውም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ከላሜራው በላይ መጀመሪያ ፕራይመር አለ፤ ቀጥሎ ቀለሙ፤ ከሁሉም በላይ ክሊር የምንለው ጥርት ያለ ሽፋን። ሁሉም አንድ ላይ ቢለካ የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። 1000 ማይክሮን 1 ሚሊሜትር መሆኑን አስቢ። ከዚያ ውስጥ የክሊሩ ድርሻ 40፣ ቢበዛ 50 ማይክሮን ገደማ ነው። ያየሽው ድር ያለው እዚህ ክሊር ላይ፣ ላይ ላዩን ነው። ቀለሙ አልተነካም።

ፖሊሽ ጭረትን አይሞላም። በጭረቱ ግራና ቀኝ ያለውን ክሊር እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ዝቅ ያደርገዋል፤ ያኔ ጭረቱ የሚቆምበት ግድግዳ ያጣል። ስለዚህ ፖሊሽ ሁሉ መቀነስ ነው። በቀላሉ የተመታ ፖሊሽ የሚያነሳው ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፤ ችግር የለውም። ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለፋሲካ እያሉ በየጊዜው ኮምፓውንድ፣ ማለትም ሻካራውን ፖሊሽ፣ የሚያስመቱትን ግን አያለሁ። ክሊሩ ያልቅና ጣሪያው ላይ ነጭ ነጭ እያለ መላጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ በእርግጥም ቀለም ነው። እዚህ ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ላይ ነን፤ ፀሐዩ ይበረታል። ከፀሐይ የሚከላከለውም ክሊሩ ነው፤ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ቀለም ቶሎ ይሞታል።

የበሩ መስመር መሀሉ ጥፍር ከያዘ እሱን ለማጥፋት አትሟገቺ። ጫፎቹ በፖሊሽ ይጠፋሉ፤ መሀሉ ጠርዙ ለስለስ ስለሚል ብርሃን አይይዝም፤ ከአንድ ሜትር ርቀት አይታይሽም። እዚያ ላይ አቁሚ። በ2000 እና በ3000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ ፈግፍገው የሚያወጡት አሉ፤ እሱ ግን የቀለሙን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ላለውና እጁ ለለመደ ነው።

ስለ ጥበቃው የጠየቅሽው፣ አዎ፣ ከእሱ ነው።

---

መረሬ (ዱከም)
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:48

ጋሼ እድሜ ይስጥልን። ስለ ጥበቃው ልጨምር፤ እኛ አካባቢ ለምን እንደሚብስም ልናገር። ከአቃቂ ወዲህ ክረምት ላይ መረሬው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ጭቃ ይሆናል፤ በጋ ላይ ያው ጭቃ ደርቆ ዱቄት ሆኖ ይነሳል። መንገድ የሚሞላው ደግሞ በቀይ አሽ ነው። ቀይ አሽ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ሲፈጭ ስለታም የሆነ፣ ከክሊሩ በጣም የጠነከረ ብናኝ ይወጣዋል። በዚያ ላይ ግንባታው አላቆመም፤ ሲሚንቶና አሸዋ አለ። ሌሊቱን ይህ ሁሉ ኮፈን ላይ ያርፋል። ጠዋት ደረቅ ጨርቅ ሲያልፍበት ጨርቁ ከሥሩ ብናኙን እየጎተተ ነው የሚሄደው። የላባ መጥረጊያውም ያው ነው።

ጭረቱ ክብ የሚመስለውም እጃቸው ስለሚዞር ብቻ አይደለም። ጭረቱ በየአቅጣጫው ነው ያለው። ፀሐይ ወይም አምፖል ሲያርፍበት ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት ለብርሃኑ አግድም የተኙት ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ነጸብራቁን የከበቡ ይመስላሉ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብትሄጂ ክቡ አብሮሽ ይሄዳል። ነጭ መኪናም ላይ ያው ጭረት አለ። ጥቁር ስለሚያጋልጠው ነው።

ለአባባ እንዲህ በያቸው፦ "አባባ፣ ጣሪያውንና ኮፈኑን ይተዉልኝ፤ የፊት መስታወቱንና ስፖኪዮውን ብቻ በዚህች እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉልኝ።" ጨርቋን አንቺ ስጫቸው። ሰዎች ጉርሻ የሚሰጧቸው መኪናው ስለተጠረገ ነውና፣ የለመድሽውን ጉርሻ አትቀንሺባቸው። መስታወት ጠንካራ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ በቀላሉ አይጎዳም።

---

ጥቁሯ ያሪስ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 2:25

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አባባን ዛሬ ጠዋት በዚሁ አነጋገር አነጋገርኳቸው። "መስታወቱን ብቻ ካልሽማ ዕረፍቴ ነው" ብለው ሳቁ።

አሁን አሠራሩን ንገሩኝ። ውሃ እኛ ጋ በሳምንት ጥቂት ቀን ነው የሚመጣው፤ በጀሪካን ነው የማጥበው። በከፍተኛ ግፊት የሚያጥብ ማሽን የለኝም።

---

ላቫጆ ሰፈር (ለገጣፎ)
እሑድ፣ ከጠዋቱ 3:30

ማሽን አያስፈልግሽም። ገበሬ የሚጠቀምበትን፣ በእጅ የሚነፋውን መድኃኒት መርጫ አዲሱን ግዢ። መድኃኒት የነካው እንዳይሆን። ውሃና ትንሽ የመኪና ሻምፖ ሞልተሽ ላይዋን ሁሉ ርጪና ጥቂት ደቂቃ ተይው፤ አቧራው ላልቶ በራሱ ይወርዳል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደግመሽ ርጪ። ይህንን ሳትጨርሺ እጅሽ መኪናውን እንዳይነካ። የጭረት መከላከያው ዘጠና ከመቶ እዚህ ጋ ነው ብል አላጋነንኩም።

ቀጥሎ ሁለት ባልዲ፦ አንዱ ሳሙና ያለበት፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ። የማጠቢያ ጓንቲውን መኪና ላይ ካሳለፍሽ በኋላ መጀመሪያ ንጹሑ ውሃ ውስጥ እጠቢው፣ ከዚያ ሳሙናው ውስጥ ንከሪው። ከጣሪያ ጀምረሽ ወደ ታች፤ ከበሩ ወገብ በታችና ፓራውልቱ መጨረሻ፣ በሌላ ጨርቅ። አንድ ጀሪካን ተኩል ውሃ ለያሪስ ይበቃል። ኦሞና ላርጎ ሰሙን ስለሚያነሱት ለዘወትር እጥበት አይሁኑ፤ ፖሊሽ ልትመቺ ስትይ ግን አንድ ጊዜ በላርጎ ብታጥቢያት የድሮውን ሰምና ቅባት ያነሳልሻል።

ላቫጆ ስትሄጂ ደግሞ ስፖንጁ መሬት ወድቆ እንደተነሳ ዓይንሽ ይከታተል። ቀድሞ የገባው ፒክአፕ ጎማ የታጠበበት ስፖንጅ አንቺ ኮፈን ላይ እንዳይመጣ የራስሽን ጓንቲና ጨርቅ ይዘሽ ሂጂ። ልጆቹ አይከፋቸውም፤ ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል።

---

ቀቢው ከገላን
እሑድ፣ ከቀኑ 7:05

ጥሩ ብሏል። አሁን ወደ ፖሊሹ።

መጀመሪያ የትኛው ላሜራ ተቀብቶ እንደሚያውቅ እወቂ። ከውጭ የገባች መኪና ብትሆንም ጎኗ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። የበሩን ላስቲክ ገልበጥ አድርገሽ እይ፤ የቀለም ጠርዝ ወይም የተረጨ ብናኝ ካለ ተቀብቷል። የተቀባው ቦታ ላይ ክሊሩ ስንት እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። አንዳንዱም ጨርሶ ክሊር የለውም፤ ማጠንከሪያ የሌለው በቲነር ብቻ የተረጨ ቀለም ይሆናል። ለማወቅ ከፈለግሽ ከውስጥ በኩል፣ በማይታይ ጥግ፣ ቲነር የነካ ነጭ ጨርቅ በትንሹ አስነኪው። ቀለሙ ሟሙቶ ወደ ጨርቁ ከመጣ በፖሊሽ አትጠጊው።

ከታጠበች በኋላ እጅሽን ስስ ፌስታል ውስጥ ከተሽ ኮፈኑን ዳብሺ። ፌስታሉ ለጣት የማይሰማውን ሻካራ ያሰማሻል። ኮረኮር ካለ የሲሚንቶ፣ የብሬክ ብናኝ፣ የባሕር ዛፍ ሙጫ ተጣብቋል ማለት ነው። እሱን የሚያነሳ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ክሌይ የሚባል ነገር አለ፤ ሶማሌ ተራ ፖሊሽ የሚሸጡት ጋ ጠይቂ። ሁልጊዜ በሳሙና ውሃ አርሰሽ ነው የምታንሸራትቺው። መሬት ከወደቀ ጣዪው፤ ታጥቦ አይመለስም።

ከዚያ የምትሠሪው ጥላ ውስጥ፣ ላሜራው ቀዝቅዞ ነው። ጠዋት ከ12 እስከ 3 ወይም ከቀኑ 11 በኋላ። ፀሐይ ላይ ፖሊሹ ሳትጨርሺው ይደርቅና ራሱ ጭረት ይሠራል።

ኮፈኑ ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የምትሆን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ከልይ። መጀመሪያ ከሁሉ ቀላሉን ፖሊሽ፣ ፊኒሺንግ የሚባለውን ሞክሪ። ከሱ ካልለቀቀ ብቻ ወደ ሻካራው ትሄጃለሽ። ከሻካራው መጀመር የጋራዥ ልማድ ነው፤ ቶሎ ስለሚያልቅላቸው። ስፖንጅ ፓድ ላይ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ሦስት አራት ጠብታ። አንድ ጊዜ ወደላይ ወደታች፣ ቀጥሎ ግራ ቀኝ፣ መስመሩ በመስመር ላይ እየተደረበ። ክብ አትዙሪ። መካከለኛ ግፊት፤ ፖሊሹ ስስ ሆኖ ሊደርቅ ሲል አቁሚና በማይክሮፋይበር ጥረጊው።

አሁን ዋናው ነገር። ፖሊሽ ውስጥ ዘይት አለ፤ ዘይቱ ጭረቱን ሸፍኖ የጠፋ ያስመስለዋል። ከፋርማሲ የምትገዢውን አልኮል ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለሽ በዚያች ቦታ ላይ ጥረጊና በስልክሽ ባትሪ እይ። እውነቱ ያኔ ነው የሚታየው። ካልለቀቀ ደግመሽ አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ ተደርጎ ለውጥ ከሌለ ፖሊሹ ደካማ ነው፤ እጅሽን አታድክሚ፣ አንድ ደረጃ ከፍ በይ።

---

ራይዱ ቪትዝ (ሰበታ)
እሑድ፣ ከምሽቱ 1:15

ጋሼ ይቅርታ ልጠይቅ። ነጭ ቪትዝ ነው የምነዳው። ጋሼ እንዳሉት ሞክሬ ጨርቁ ነጭ በነጭ ሆነ! ቀለሙን እየፋቅኩት ነው እንዴ? ደንግጬ አቆምኩ።

---

ቀቢው ከገላን
እሑድ፣ ከምሽቱ 2:00

አይዞህ። የቀለም ኮዱን እይ፤ የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወይም ሞተሩ ክፍል ውስጥ ባለችው ትንሽ ብረት ላይ ተጽፏል። 040 ከሆነ የቶዮታ ሱፐር ዋይት ነው። እሱ ብዙ መኪና ላይ ክሊር የሌለው፣ ቀለሙና አንጸባራቂው አንድ የሆነ ነው። ስለዚህ ስትፈትገው ነጩ ወደ ጨርቅ ይመጣል፤ ጤናማ ነው። ይልቁንስ እንዲህ ያለው ቀለም ሲገረጣ በቀላል ፖሊሽ ደህና ይመለሳል። ቁምነገሩ ሰም አለማቋረጥ ነው፤ የሚሸፍነው ክሊር ስለሌለ ፀሐይ በቀጥታ ነው የሚያገኘው።

የእህትህ ጥቁር ያሪስ ላይ ግን ጨርቁ ጥቁር ከሆነ ወዲያው ማቆም አለባት። እሷ ጋ ክሊር ያለ ይመስለኛል፤ ጥቁር ከመጣ ክሊሩ አልቋል፣ ወይም ያ ቦታ ላይ ያለው ቀለም ክሊር የሌለው ነው።

---

ሱሉልታ ላይ ያለሁት
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:10

ስለ ማሽንም ይነገር። እኔ ያስመታሁት ማሽን በነበረው ላቫጆ ነው። ድሩ ጠፋ፤ በሳምንቱ ግን ፀሐይ ላይ ሳያት ሌላ ዓይነት፣ እንደ ቅባት የሚወዛወዝ ደብዛዛ ጅራት በጅራት ሆናለች። ይህ ምንድን ነው?

---

መረሬ (ዱከም)
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:00

የሮታሪ ማሽን ዱካ ነው። ሮታሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሽከረከራል፤ በሱፍ ፓድና በሻካራ ኮምፓውንድ ከተመታ በኋላ በለስላሳ ስፖንጅና በቀላሉ ፖሊሽ መጨረስ ነበረበት። የመጨረሻው ደረጃ ተዘሏል። በሳምንቱ የታየህ ዘይቱ እስኪታጠብ ሸፍኖት ስለነበር ነው። የሚስተካከል ነገር ነው፤ በቀላሉ ፖሊሽ ብቻ ደግመው ይጨርሱልህ።

ለራሱ መኪና ማሽን የሚገዛ ሰው ዱዋል አክሽን የሚባለውን ይግዛ። እየተሽከረከረ ስለሚንቀጠቀጥ ሙቀቱ አንድ ቦታ አይከማችም። ሮታሪ በሰለጠነ እጅ ድንቅ ነው፤ ባልሰለጠነ እጅ የኮፈኑን ጠርዝ በቅጽበት ያቃጥላል። ጠርዝና የላሜራ እጥፋት ላይ ክሊሩ ከሌላው ቦታ ይሳሳል፤ ስለዚህ በፕላስተር ይሸፈናል። ፓራውልት ደግሞ ፕላስቲክ ነው፤ ሙቀቱን እንደ ላሜራ አያሰራጭም፤ እዚያ ላይ ፍጥነትም ግፊትም ይቀንስ።

---

የቃሊቲው ሹፌር
ሰኞ፣ ከቀኑ 6:40

ስለ ናፍጣው የተባለውን ተቀብያለሁ። ኮልጌትስ? በሱ ያጠፉ ሰዎች አውቃለሁ።

---

ላቫጆ ሰፈር (ለገጣፎ)
ሰኞ፣ ከቀኑ 7:15

የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚፈትግ ነገር አለ፤ ለዚህ ነው ትንሽ የሚሠራው። ነገር ግን ለጥርስ የተመጠነ ነው፤ የአንዱ ሻካራነት ከሌላው አይገናኝም። የፊት መብራት ፕላስቲክ ላይ ቢሞከር ቅር አይለኝም። ጥቁር ኮፈን ላይ ግን ፖሊሹ እያለ ለምን?

---

ጥቁሯ ያሪስ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:05

የሞከርኳት ቦታ በቀላሉ ፖሊሽ ብቻ ለቀቀች። በአልኮል ጠርጌ በስልክ ባትሪ ሳያት ጥቂት ጠለቅ ያሉ ቀሩ፤ ድሩ ግን የለም። ከፕላስተሩ ወዲህና ወዲያ ያለው ልዩነት ገረመኝ። ጨርቁ ላይ ጥቁር አልመጣም። ቀሪውን ኮፈን በዚህ ሳምንት እጨርሳለሁ፤ ጣሪያውን ግን እጄ ስለማይደርስ ማሽን ያለው ሰው ፊቴ ቆሞ እንዲሠራልኝ አስቤአለሁ።

ሌላ ጥያቄ፦ ሸራ ላልብሳት?

---

መረሬ (ዱከም)
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:50

ቱሉ ዲምቱ ሜዳ ላይ፣ ያ ነፋስ ባለበት፣ አላልብሳትም። ሸራው ነፋስ ሲመታው ሌሊቱን ሙሉ አቧራውን ቀለሙ ላይ ሲያሽ ያድራል። ጣሪያ ያለው ማቆሚያ ካገኘሽ እሱ ይበልጣል። ካልሆነ ሰም ቀቢያት፤ ሰም የተቀባ ላይ አቧራ በውሃ ቶሎ ይለቃል። ሁለት ሦስት ወር እያለፈ ይደገማል።

---

ነጩ ቢዋይዲ (አያት)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30

ጋሼ፣ አንድ ባጃጅ ፓራውልቴን ጫር አድርጎት ባለፈው ሳምንት አስቀባሁት። የቀባው ሰው በጣም ጎበዝ ነው፤ ነገር ግን ከቀሪው ጋር ሲተያይ ላዩ ትንሽ ብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። አሁኑኑ ፖሊሽና ሰም ልምታው?

---

ቀቢው ከገላን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:45

ሰሙን ተወው። አዲስ የተቀባ ክሊር ውስጥ ያለው ቲነር ገና እየወጣ ነው፤ እዚህ ደግሞ በምድጃ ሳይሆን በአየር ነው የሚደርቀው። ሰም ከላይ ሲዘጋው ይለሰልሳል፣ ይደበዝዛል። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይቆይ፤ ክረምት ከሆነ ወደ ሦስቱ አስጠጋው። ጎርበጥ ያለውን የቀባው ሰው ራሱ በ2000 ወረቀትና በፖሊሽ ያስተካክልልህ፤ ስንት እጅ ክሊር እንደረጨ የሚያውቀው እሱ ነው። እስከዚያው በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጓንቲ ብቻ እጠበው፤ ግፊት ያለው የላቫጆ ውሃ ጠርዙ ላይ እንዳይተኮስበት ንገራቸው። ወፍ ከጣለበት እዚያው ቀን እርጥብ ጨርቅ አልብሰህ ጥቂት አቆይና ሳትፈትግ አንሳው። ትኩስ ክሊር ላይ ካደረ ምልክቱ ውስጥ ይገባል፤ ያንን በፖሊሽ ማውጣት ከባድ ነው።